ሮቦቱን ገና አይግዙ፦ በ15 ሺህ ዶላር የፒሲአር ላብራቶሪን ስለማዘመን

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በአንድ የክልል ሪፈራል ሆስፒታል የሞለኪውላር ላብራቶሪ ኃላፊ ናቸው። በቀን ከ60 እስከ 80 ናሙና ይደርሳቸዋል። አብዛኛው የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ነው፤ የኤችፒቪና የኤችአይቪም አለበት። ኤክስትራክሽኑን፣ ማለትም ዘረመሉን ከናሙናው ማውጣቱን፣ ባለሙያዎቻቸው በእጅ ይሠራሉ። ቲቢን ካርትሪጅ በሚጎርሰው በጂን ኤክስፐርት ማሽን ያዩታል። አሁን አንድ ረጂ ድርጅት 15 ሺህ ዶላር ሊሰጣቸው ነው። «ርካሽ የፒፔት (የፈሳሽ መቅጃ) ሮቦት እንግዛበት? ካርትሪጅም እየተወደደብን ነውና ቲቢውን ወደ ሮቦቱ ብናዞረው አያዋጣንም?» ብለው ጠይቀዋል።

ከመልሱ ልጀምር። ሮቦቱን ገና አይግዙ። ቲቢውንም ከካርትሪጁ አያውጡት። ገንዘቡ ግን የላብራቶሪዎን መልክ ሊቀይር ይችላል፤ ዘንግ ያለው ትንሽ የኤክስትራክሽን ማሽን፣ የባርኮድ ዕቃ፣ ጥሩ ዩፒኤስ እና የአንድ ዓመት ፕላስቲክ ከገዙበት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልዘርዝር። ረዘም ይላል፤ ቡናዎን ይዘው ያንብቡት።

መጀመሪያ ሥራው የት ላይ እንደሚያዝ ይወቁ። ምንም ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ሰዓት ይያዙ። ናሙናው በር ላይ የደረሰበትን፣ የተመዘገበበትን፣ ኤክስትራክሽን የገባበትን፣ ፒሲአር (ዘረመሉን አባዝቶ የሚያሳየው ምርመራ) ያለቀበትን እና ውጤቱ ሐኪሙ እጅ የገባበትን ይጻፉ። ብዙ ኃላፊዎች ጊዜውን የሚበላው ፒፔት መያዙ ይመስላቸዋል። ወረቀቱን ሲያዩት ግን ናሙናው ግማሽ ቀን ምዝገባ ላይ ተቀምጦ፣ ውጤቱ ደግሞ እስኪፈረምና እስኪገለበጥ ሌላ ቀን አድሮ ያገኙታል። በላብራቶሪ ሥራ ላይ ከሚፈጠሩት ስህተቶች ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ናሙናው ማሽን ከመንካቱ በፊት እንደሆነ ደጋግሞ ተጠንቷል። የተሳሳተ ስም፣ የተቀያየረ ቱቦ፣ ያልተነበበ የእጅ ጽሑፍ። ሮቦት ይህንን አያስተካክልም። እንዲያውም የተሳሳተውን ቱቦ በሚያስደንቅ ፍጥነት ይሠራልዎታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ባርኮድ ነው። አንድ የሌብል ማተሚያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንበቢያ፣ እና ፍሪዘር ውስጥ የማይላቀቅ፣ በአልኮል ሲወለወል የማይደበዝዝ ሌብል። የመጨረሻውን ችላ አይበሉ። ተራውን የሱቅ ሌብል ገዝቶ ከፍሪዘር ስር ተራግፎ የተገኘ ሌብል የለቀመ ሰው ያውቀዋል። ሶፍትዌሩን በተመለከተ ክፍያ የማይጠይቁ አሉ። ኦፕን ኢሊስ የሚባለው በሄይቲና በአይቮሪ ኮስት ብሔራዊ ሥራ ላይ ውሏል። ሴናይትም አለ። ሆስፒታሉ ሌላ ሥርዓት ካለው ግን አዲስ አይጀምሩ፤ ያለውን ከፒሲአር ማሽኑ ጋር ማገናኘት ይበልጣል።

እዚህ ላይ የኛን አገር የሚመለከት አንድ ጣጣ አለ። ማሽኖቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። መዝገቡ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል፤ ማሽኑ 9 ሰዓት ይላል። አንዱ ባለሙያ የተጻፈውን ሲገለብጥ ይቀይረዋል፣ ሌላው አይቀይረውም። የወሩ መጨረሻ ላይ «ውጤት በስንት ሰዓት ደረሰ» የሚለውን ስታሰሉ ስድስት ሰዓት የተዛባ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይወጣል። የሰው ስም በላቲን ሲጻፍም እንዲሁ ነው። ፀጋዬን አራት ሰው አራት ዓይነት ይጽፈዋል፤ አንድ ታካሚ አራት ሰው ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ ገጽ መመሪያ ቁረጡት። ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚገባ ይወሰን። ታካሚ የሚለየው በስም ሳይሆን በካርድ ቁጥር ይሁን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። በገበያ ላይ «ርካሽ አውቶሜሽን» ተብለው የሚቀርቡት በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸውን ሻጮች ብዙም አያብራሩም።

የመጀመሪያው ፈሳሽ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ፒፔት የያዘ ክንድ አለው፤ ከዚህ ይቀዳል፣ እዚያ ያንጠባጥባል። ሃሚልተንና ቴካን የሚሠሯቸው ትልልቆቹ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው ነው የምጽፈው) ኦፔንትሮንስ የተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ ኦቲ-2ን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ተማሪዎች የሚጫወቱበት ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ትእዛዙ የሚጻፈው በፓይተን ነው። ጠረጴዛው ላይ 11 ቦታ አለው። በ2020 የባርሴሎናው ሆስፒታል ክሊኒክ የኮቪድ ናሙናዎቹን በእነዚህ ሮቦቶች አሰልፎ ሠርቷል። ስለዚህ መጫወቻ ነው የሚሉትን አትስሟቸው። ጥሩ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፈሳሹን ጭራሽ አያንቀሳቅስም፤ ዶቃውን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ይህን በቅርብ እንየው። ናሙናው ጓኒዲን የሚባል ኬሚካል ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ የቫይረሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ አርኤንኤው ወይም ዲኤንኤው ይወጣል። በሲሊካ የተለበጡ ደቃቅ የማግኔት ዶቃዎች ሲጨመሩ ዘረመሉ እነሱ ላይ ይለጠፋል። የሲሊካውን ዘዴ ቡም የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት ነው፤ ዛሬ የምንገዛቸው ኪቶች አብዛኞቹ የሱ ልጆች ናቸው። ከዚያ በማሽኑ ራስ ላይ የተደረደሩ የማግኔት ዘንጎች ይወርዳሉ። ዘንጎቹ የፕላስቲክ ሽፋን ለብሰዋል። ዶቃዎቹ ሽፋኑ ላይ ይሰበሰባሉ። ራሱ ይነሳና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ይሄዳል። ዘንጉ ወደ ላይ ሲሳብ ሽፋኑ ብቻውን ይቀራል፣ ዶቃዎቹም ይረግፋሉ። እየተንቀጠቀጠ ያጥባቸዋል። ደግሞ ይሰበስባቸዋል፣ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ንጹሑ ዘረመል ትንሽ ፈሳሽ ውስጥ ይለቀቃል። በቃ ይኸው ነው። ፒፔት የለም፣ የሚስብ ነገር የለም፣ የሚደፈን ቱቦ የለም። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ትንሽ ስለሆነ የሚበላሸውም ትንሽ ነው።

ባለ 96ቱ፣ እንደ ኪንግፊሸር ያለው፣ ለእናንተ ይበዛል፤ ዋጋውም ይከብዳል። ባለ 32 ናሙናዎቹ ግን ጥቂት ሺህ ዶላር ነው የሚጠየቅባቸው። አንዱ ዙር እንደ ኪቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በቀን ሦስት ዙር ቢሠራ 96 ነው። የእናንተን 80 ሸፍኖ ለኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ ለሚታወቅ መቆጣጠሪያ ናሙና) እና ለድጋሚ ሥራ ቦታ ይተርፋል።

ቲፑን፣ ማለትም ተጠቅመን የምንጥለውን የፒፔት ጫፍ፣ እንቁጠረው፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። 80 ናሙና በዶቃ ኪት በእጅ ሲሠራ፣ ናሙና ለመጨመር 80 ፊልተር ቲፕ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ፈሳሽና የሁለቱን እጥበት ለማስወገድ ሦስት ጊዜ 80፣ ማለትም 240። የመጨረሻውን ለመቅዳት 80። ድምሩ 400 ነው፤ በየቀኑ። ፒፔት የያዘው ሮቦትም ይህንኑ ቁጥር ይበላል፤ ሰነፍ ፕሮግራም ከተጻፈለት እንዲያውም ይበልጣል። ዘንግ ያለው ማሽን ግን ሦስቱን የማስወገጃ ደረጃዎች ያጠፋቸዋል። ናሙና ማስገቢያ 80፣ ማውጫ 80፣ ከዚያ ውጭ አሥር የዘንግ ሽፋንና አምስት ጥልቅ ፕሌት (ባለ ብዙ ጉድጓድ የፕላስቲክ ሳህን) ብቻ። ከሐምሌ 2024 የብር ለውጥ ወዲህ ቲፕ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ወደ ሒሳቡ ስንገባ የማሽኑ ዋጋ ዋናው ነገር አለመሆኑ ይገባል። ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። 5 ሺህ ዶላር የወጣበት ማሽን አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 250 ቀን፣ በቀን 60 ናሙና ቢሠራ 75 ሺህ ናሙና ነው። ለአንዱ ናሙና 7 የዶላር ሳንቲም እንኳ አይሞላም። 10 ሺህ ዶላር የወጣበት ሮቦትም 13 ሳንቲም ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማሽኖች በመግዣ ዋጋቸው አታወዳድሩ። ይልቅ የሚደገመውን ናሙና ቁጠሩ። በዓመት 15 ሺህ ናሙና ትሠራላችሁ። ከመቶ አራቱ «ኢንቫሊድ» (ውጤቱ የማይታመን) ቢወጣ 600 ድጋሚ ነው። አንዱ ድጋሚ በሪኤጀንት (በምርመራ ኬሚካል) እና በፕላስቲክ 10 ዶላር ቢፈጅ 6 ሺህ ዶላር በየዓመቱ ይቃጠላል። ይህ ከማሽኑ ዋጋ በላይ ነው። አውቶሜሽን የሚያዋጣው ሰው ስለሚቀንስ አይደለም። የሐሙስ ከሰዓቱ 70ኛ ናሙና የሰኞ ጠዋቱን 1ኛ ናሙና ያህል በጥንቃቄ ስለሚሠራ ነው።

የሚወዳደሩበትንም ዋጋ ይወቁ። ሮሽ በ2014 ለኤችአይቪ ቫይራል ሎድ የ9.40 ዶላር ጣራ ዋጋ አወጀ። ሆሎጂክ በ2018 ማሽኑን፣ ጥገናውን፣ ሪኤጀንቱን ሁሉ ያካተተ 12 ዶላር ይዞ መጣ። የጂን ኤክስፐርት የቲቢ ካርትሪጅ ለአዳጊ አገሮች ከ2012 ጀምሮ 9.98 ዶላር ነበር፤ በ2023 ወደ 7.97 ወርዷል። የእናንተ አንድ ውጤት፣ ድጋሚውንና ኮንትሮሉን ጨምሮ፣ ከእነዚህ ከበለጠ «ርካሽ» የሚለው ቃል አይገባውም። የኤችአይቪውን ናሙና ትልቅ ማሽን ወዳለበት ላብራቶሪ በፖስታ መላክ ከቻላችሁ ላኩት። የኢትዮጵያ ፖስታ ናሙና የማመላለስ ልምድ አለው። በቀን አሥር የኤችአይቪ ናሙና ይዞ ከትልቅ ማሽን ጋር መፎካከር ትርፉ ድካም ነው።

እዚሁ ላይ ስለ «ነፃ ማሽን» አንድ ነገር ልበል። በሪኤጀንት ግዢ ውል የሚመጣው ማሽን መጥፎ አይደለም፤ ብዙ አገሮች በዚያ መንገድ ነው የሠሩት። ውሉን ግን አንብቡት። ማሽኑ ሲቆም ባለሙያ በስንት ቀን ይመጣል? ካልመጣ ቅጣቱ ምንድን ነው? በወር ስንት ቴስት ለመግዛት ነው የፈረማችሁት? ዋጋው በብር ነው በዶላር? በአንድ ላብራቶሪ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ የሚያምር ማሽን አይቻለሁ። በእርዳታ ነው የመጣው። ሪኤጀንቱን ወደ አገር የሚያስገባ ወኪል አልነበረም። ጨርቁን በየሳምንቱ ያጥቡለታል።

የምትገዙት ማሽን «ክፍት» መሆኑንም አረጋግጡ። አንዳንዶቹ የሚሠሩት በራሱ በአምራቹ በተሞላ ፕሌት ብቻ ነው። ማሽኑን አርክሶ ፕሌቱን የሚያስወድድ ነጋዴ ሞልቷል። የሌላ ኩባንያ ኪት ይቀበላል ወይ? ፕሮግራሙን፣ ማለትም የማንቀጥቀጫ ጊዜውን፣ ሙቀቱን፣ የጉድጓድ ቅደም ተከተሉን፣ ራሳችን መቀየር እንችላለን ወይ? ሁለቱን በጽሑፍ አስፈርሟቸው። ነገ አንዱ ኪት ከገበያ ሲጠፋ ሌላውን ትገዛላችሁ። ለማወቅ ያህል፣ ዶቃውንና ፈሳሹን በራስ ላብራቶሪ መሥራት የሚያስተምር በ2019 የታተመ ክፍት ፕሮጀክትም አለ። ስሙ ቦምብ ነው። ለጉምሩክ በምታስገቡት ወረቀት ላይ ግን ስሙን አትጻፉት። ለሥልጠናና ለምርምር ደስ ይላል። ለታካሚ ውጤት ግን አሁን ባላችሁ የሰው ኃይል አልመክርም።

ናሙና ማዋሃድስ? እሱም ይጠየቃል። በ1943 ዶርፍማን የተባለ አሜሪካዊ ለወታደሮች የቂጥኝ ምርመራ ያሰበው ዘዴ ነው። የብዙ ሰው ናሙና አንድ ላይ ይመረመራል፤ ነፃ ከሆነ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ካልሆነ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከመቶ አንድ ሰው ብቻ በሽታው ካለበት፣ 11 ሰው በማዋሃድ ሥራው ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ከመቶ 20 ካለበት ግን ሦስት ሦስት ብታዋህዱም የምታተርፉት ከመቶ 18 ብቻ ነው። እናንተ የምትሠሩት ቫይራል ሎድ ነው። በሽታው እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኛው ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ለእናንተ አይሆንም። ለደም ባንክ ወይም ለወረርሽኝ ቅኝት ግን ከማንኛውም ሮቦት የረከሰ ዘዴ ነው።

ቲቢውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። አክታ ወደ ክፍት ሮቦት አይገባም። አክታ ያሟልጫል፣ ይጎተታል፣ ቲፕ ይደፍናል። ከሁሉ በላይ ሕይወት ያለው የቲቢ ባክቴሪያ አለበት። ሮቦቱ ፈሳሹን ሲስብና ሲለቅ የማይታይ ርጭት ይሠራል፤ መስታወት ያለው ሳጥን መሆኑ ብቻ ግን አየሩን አጣርቶ ሠራተኛውን የሚጠብቅ ባዮሴፍቲ ካቢኔት አያደርገውም። በጂን ኤክስፐርት አሠራር በአክታው ላይ እጥፍ ሆኖ የሚጨመረው ፈሳሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና አይሶፕሮፓኖል አለበት። በ15 ደቂቃ ውስጥ አክታውን ያቀጥነዋል፣ የባክቴሪያውንም ሕይወት በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚካሄደው በተዘጋው ካርትሪጅ ውስጥ ነው። ኤክስትራክሽኑም ፒሲአሩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ ሲቀበለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው አልትራ የተባለው ካርትሪጅ በአንድ ሚሊሊትር አክታ ውስጥ 16 ገደማ ባክቴሪያ ያገኛል፤ በማይክሮስኮፕ ለማየት ግን ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ያስፈልጋል። ይህን በራሳችሁ ኪት አትደርሱበትም። ካርትሪጁ ራሱ አውቶሜሽን ነው። ከከበዳችሁ ማን እንደሚመረመር አጣሩ፤ ያለአግባብ የሚታዘዘውንና በስህተት የሚባክነውን ቀንሱ።

አሁን ብዙ ሰው የማያነሳው ጉዳይ፦ ከፍታ። ከተማዎን አልነገሩኝም። ባሕር ዳር ከሆኑ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙም አያስጨንቅዎትም። አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ከሆነ ግን ይስሙኝ። ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች መመሪያቸው ላይ «እስከ 2,000 ሜትር» የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ በላይ ዋስትናው ምን ይሆናል? ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹን በጽሑፍ ጠይቁት። ቀጭን አየር ማሽን በደንብ አያቀዘቅዝም።

ፒፔቱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የእጃችንም የሮቦቱም ፒፔት ፈሳሹን በቀጥታ አይስብም፤ በመካከል ያለውን አየር ነው የሚስበው። ቲፑ ውስጥ የተንጠለጠለው ፈሳሽ በክብደቱ ያንን አየር ወደ ታች ይለጥጠዋል። የአየር ግፊቱ ዝቅ ባለበት ቦታ አየሩ ይበልጥ ይለጠጣል። ውጤቱ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ የተስተካከለ ፒፔት ደጋ ሲወጣ ከተባለው ትንሽ አሳንሶ ይቀዳል። በ200 ማይክሮሊትር ላይ ላይታወቅ ይችላል። ትልቅ ቲፕ ይዞ 5 ማይክሮሊትር ሲቀዳ ግን ይታወቃል። ፒሲአር ውስጥ የምትጨምሩት ደግሞ ያንን 5 ማይክሮሊትር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፒፔቱ የሚስተካከለው እናንተው ክፍል ውስጥ ይሁን። አራት የነጥብ ቤት የሚያነብ የግራም ሚዛን፣ የተጣራ ውሃ፣ ቴርሞሜትር። 100 ማይክሮሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት 0.0997 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አሥር ጊዜ ቅዱና መዝኑ፤ አማካዩንና መለያየቱን ጻፉ። ሮቦት ስትገዙም ሻጩ ይህንን እዚያው ፊታችሁ ያድርግ። «ከፋብሪካው ሰርተፊኬት አለው» ካላችሁ ሰርተፊኬቱ የተሰጠው ለፋብሪካው ከፍታ መሆኑን አስታውሱት።

ከዚሁ ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ያንሳል። በኮቪድ ጊዜ ናሙናን በ95 ዲግሪ አሙቆ ያለ ኤክስትራክሽን የመሥራት ዘዴ ወጥቶ ነበር። የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ሳሊቫ ዳይሬክት ከነዚያ አንዱ ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ቱቦ ጥዶ 95 ደርሻለሁ ማለት እኛ ጋ አይሠራም። የሙቀት ብሎክ ይጠቀሙ፤ ክዳኑ በደንብ የተገጠመ ይሁን።

መብራት። ይህን ታውቁታላችሁ፤ አላስረዝምም። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ዙሩን በሙሉ ታበላሻለች። ዶቃዎቹ በመካከል ከደረቁ ዘረመሉን አይለቁም። ስለዚህ «ኦንላይን» የሚባለውን ዓይነት ዩፒኤስ ግዙ፤ ርካሹን የቢሮ ኮምፒውተር ዩፒኤስ አይደለም። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚቀየር በጀት ላይ ይግባ።

ማሽኑ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ግን ጽዳት ሠራተኞቹን ሰብስባችሁ አንድ ነገር ንገሯቸው። የኤክስትራክሽን ቆሻሻ ላይ በረኪና አይደፋም። ጓኒዲን ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሌላው ላብራቶሪ በሙሉ በበረኪና ስለሚጸዳ እጅ ሳያስበው ወደዚያው ይሄዳል። ለጓኒዲኑ ቆሻሻ የተለየ ቀለም ያለው ጀሪካን ይኑር፤ ላዩ ላይ በአማርኛ በትልቁ ይጻፍ።

ወደ ማረጋገጫው እንለፍ። ኪቱ መመሪያው ላይ የራሱን ኤክስትራክሽን ዘዴ ከጠቀሰና እናንተ ከቀየራችሁት ኃላፊነቱ ወደ እናንተ ይዞራል። የሕክምና ላብራቶሪዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 15189 ይህንን ነው የሚለው፤ የጥራት መርማሪዎቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። የድሮውንና የአዲሱን ዘዴ ጎን ለጎን በታወቁ ናሙናዎች ሠርታችሁ አወዳድሩ። ዝቅተኛ መጠን ያላቸውን አትርሱ፤ ችግር የሚታየው እነሱ ላይ ነው። የኪቱና የማሽኑ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ከሻጩ ይጠየቅ።

ከሁሉ በላይ የዳማ ሰሌዳውን ፈተና አትዝለሉ። ፕሌቱ ላይ አንድ ጉድጓድ ከባድ ፖዘቲቭ፣ አጠገቡ ነፃ፣ እንዲያ እያፈራረቃችሁ ሙሉት። ነፃዎቹ በሙሉ ነፃ ሆነው መውጣት አለባቸው። አንዷም ብትሆን ፖዘቲቭ ከወጣች ማሽኑ ሥራ አይጀምርም። ለምን እንደምጨነቅ በቁጥር ላሳያችሁ። በሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ቫይረስ ያለው ናሙና አለ እንበል። ከሱ 0.2 ማይክሮሊትር፣ ዓይን ልብ የማይላት ጠብታ፣ ጎረቤቱ ጉድጓድ ገባች። በውስጧ 200 ቫይረስ አለ። ጎረቤቱ 200 ማይክሮሊትር ከሆነ ውጤቱ በሚሊሊትር አንድ ሺህ ይነበባል። ለኤችአይቪ የዓለም ጤና ድርጅት «መድኃኒቱ አልያዘም» ብሎ የሚያስበው ከዚህ ቁጥር በላይ ያለውን ነው። ጠብታዋ ትንሽ ከፍ ካለች መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው «አልወሰድክም» ተብሎ ይመከራል፣ ምናልባትም መድኃኒቱ ይቀየርበታል። ዘንግ ያለው ማሽን ደግሞ በኃይል ሲያንቀጠቅጥ መርጨት ይችላል። የማንቀጥቀጫውን ፍጥነት የምታስተካክሉት በዚህ ፈተና ነው። ፈተናውን በየጊዜው ድገሙት፤ የዘንግ ሽፋን ብራንድ በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ የግድ ነው። ርካሹ ሽፋን አንዳንዴ ሰፊ ይሆንና ይወዛወዛል።

ሻጩ ላብራቶሪውን ሁሉ በአንዴ የሚያስይዝ ዕቅድ ይዞ ከመጣ ደግሞ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን፣ ኮቺ የሕክምና ትምህርት ቤት የነበሩትን ማሳሂዴ ሳሳኪን አስታውሱ። ቱቦዎች በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ሄደው በሮቦት የሚሠሩበትን የዓለም የመጀመሪያውን ላብራቶሪ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሮቦቶቹን ከትልቅ ኩባንያ አልገዙም፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር እዚያው ሠሯቸው። እናንተም ከአንድ ደረጃ ጀምሩ። እሱ ሲይዝ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

በጀቱን እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሲሦው ለኤክስትራክሽን ማሽኑ፣ ከመለዋወጫና ከሥልጠና ጋር። ከቀረው ላይ ባርኮዱንና ዩፒኤሱን እገዛለሁ። ባለ ስምንት ቻናል ፒፔት ከሌላችሁ አንድ ጥሩ፤ ፒሲአር ስታዘጋጁ ከሮቦት የሚያገኙትን ጥቅም ግማሹን ይሰጣችኋል። የተረፈውን በሙሉ በቲፕ፣ በዘንግ ሽፋንና በፕሌት አስገባዋለሁ። ረጂው «ማሽን ላይ ብቻ» ካለ ተከራከሩት። ያለ ፕላስቲክ ማሽኑ የሚሸፈንበት ጨርቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኦቲ-2ን የመሰለው ሮቦት ጊዜው የሚደርሰው በቀን ከ200 ናሙና በላይ ሲሆን፣ ወይም አምስት ስድስት ዓይነት ፒሲአር በየቀኑ ማዘጋጀት ሲያስፈልግ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የምትሰጡት ሥራ ፒሲአር ማዘጋጀቱን ይሁን፤ ናሙናው ቀድሞ ስለተገደለ አደጋው ትንሽ ነው። ሌላም ቅድመ ሁኔታ አለው። ፓይተን የሚያነብ፣ ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንድ አይበቃም፤ አንዱ ለትምህርት ሲሄድ ሮቦቱ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ከባለሙያዎችዎ መካከል ኮምፒውተር የሚወድ ካለ ከአሁኑ ያስጀምሩት፤ የኦቲ-2ን ፕሮግራም ሮቦቱ ሳይኖር በተራ ላፕቶፕ መጻፍና መሞከር ይቻላል።